የፕሮስቴት ዕጢ ልኬት፦ አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም

ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ ብዙ ወንዶች የሽንታቸው አወራረድ ሲቀጥን፣ ሌሊት ደጋግሞ ሲቀሰቅሳቸውና ጠብታው አልቆም ሲላቸው ጉዳዩን ለሰው መንገር አፍረው ወራትን ያሳልፋሉ። ለሙስሊም ወንድ ደግሞ ጭንቀቱ ከሕመሙ ያልፋል፤ ውዱኡ ጸንቶልኛል ወይ፣ ልብሴስ ከነጃሳ ጠርቷል ወይ የሚለው ሐሳብ በየሰላቱ ይከተለዋል። በሪያድ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሱወይዲም ሆነ በሌሎች የከተማይቱ ሠፈሮች በሹፌርነት፣ በጥበቃና በልዩ ልዩ ሥራ የሚተዳደር ወገን በመጨረሻ ወደ ሙስተውሰፍ ሲሄድ፣ አልትራሳውንድ ይነሣና የዕጢው መጠን በአንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ከዚያም በሌላ ክሊኒክ ወይም ለዕረፍት በሄደበት አገር ቤት ሲለካ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ዕጢው በጥቂት ወራት ውስጥ አድጎ ነው? ወይስ ካንሰር ነው? ጥያቄው እንቅልፍ ይነሣል።

መልሱን ለማግኘት ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ይበጃል። የአልትራሳውንድ መሣሪያ ዕጢውን አይመዝንም። ባለሙያው የዕጢውን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት በምስሉ ላይ ይለካል፤ ሦስቱ ይባዙና ውጤቱ በ0.52 ይባዛል። የሚገኘው ይዘት በሚሊ ሊትር የሚገለጽ ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሊትር ወደ አንድ ግራም ስለሚጠጋ በወረቀት ላይ «ግራም» ተብሎ ይጻፋል። ስሌቱ ዕጢው የእንቁላል ቅርጽ አለው ብሎ ይነሣል፤ ያደገ ፕሮስቴት ግን ሁልጊዜ እንዲህ የተስተካከለ ቅርጽ የለውም።

ስሕተት የሚገባውም በዚህ በኩል ነው። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ውፍረቱም 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ ወደ 42 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሦስቱም ልኬቶች ከመቶ አሥር እጅ ብቻ ቢበልጡ ውጤቱ ወደ 55 ይወጣል፤ በዚያው መጠን ቢያንሱ ደግሞ ወደ 30 ይወርዳል። በምስሉ ላይ ያለው ልዩነት ግን ከአምስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አንድ ዕጢ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

በሆድ በኩል በሚደረግ ምርመራ ፊኛው በበቂ ሁኔታ ካልሞላ ዕጢው በደንብ አይታይም፤ ከልክ በላይ ከሞላም ምስሉን ያዛባል። የሰውነት ውፍረት፣ የባለሙያው ልምድና ወደ ፊኛው ዘልቆ የገባ የዕጢ ክፍልም ልኬቱን ይለውጣሉ። በፊንጢጣ በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ለዕጢው ስለሚቀርብ የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ኤም.አር.አይ. ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ይህ ሁሉ አልትራሳውንድ አይረባም ለማለት አይደለም። መሣሪያው ጨረር የለውም፣ በየቦታው ይገኛል፣ ከሽንት በኋላ በፊኛው ውስጥ የቀረውንም መጠን ያሳያል። ዕጢው ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ትልቅ መሆኑን ለመለየት በቂ ነው። የሚያሳስበው ቁጥሩ ከሚሸከመው በላይ ሲጫንበት ነው። የዕጢው መጠን መድኃኒት ለመምረጥና የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ለመወሰን ይውላል፤ በብዙ የሕክምና መመሪያዎች 80 ሚሊ ሊትር እንደ ወሰን ይወሰዳል። ለካንሰር ጥርጣሬም የደም ምርመራው ፒ.ኤስ.ኤ. ለዕጢው ይዘት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.15 ሲበልጥ ጥርጣሬው ይጨምራል። ፒ.ኤስ.ኤ. 6 የሆነ ሰው ዕጢው 42 ከተባለ ከወሰኑ በታች ይሆናል፤ 30 ከተባለ ግን ወደ 0.20 ይደርሳል። ስለሆነም የልኬት ስሕተት አንዱን ላላስፈላጊ ናሙና መውሰድ፣ ሌላውን ላልተገባ መዘናጋት ሊዳርግ ይችላል።

በሌላ በኩል የዕጢ ማደግ ብቻውን ካንሰር አይደለም፤ ትልቅ ዕጢ ይዞ ብዙ የማይቸገር አለ፣ በትንሽ ዕጢ እጅግ የሚሠቃይም አለ። ሐኪም የሚመዝነው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሕመም ምልክቱን፣ የሽንቱን አወራረድና የኩላሊቱን ሁኔታ ጭምር ነው።

ከዚህ በመነሣት ከታካሚውም ከክሊኒኩም የሚጠበቅ አለ። ክሊኒኮች የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሦስቱን ልኬቶች፣ የምርመራውን ዓይነትና በፊኛው የቀረውን ሽንት መጻፍ ይገባቸዋል። ታካሚው የቀድሞውን ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ለክትትልም በተቻለ መጠን በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት ምርመራ ይለካ። ዐረብኛው ካልገባው አስተርጓሚ መያዝ ነውር አይደለም። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ መብቱ ነው። የጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937ም ለምክር ክፍት ነው።

ሐፍረትም ከሕክምና ሊያስቀር አይገባም። ዑለማዎች ለሕክምና አስፈላጊ በሆነ ጊዜ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፣ ዐውራን ለሐኪም መግለጥ እንደሚፈቀድ አስረድተዋል። ሽንቱ ለማይቆምለት ሰውም አብዛኞቹ ፉቀሃእ ለየሰላቱ ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ፈቅደውለታል፤ ዲኑ ገር ነው።

ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ደም ከታየበት ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ቁጥር የሚነጻጸርበት ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው። ከዚህ ውጭ ባለው ጊዜ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ለሐኪሙ መረጃ እንጂ በታካሚው ላይ የተላለፈ ፍርድ አለመሆኑን መገንዘብ፣ ከከንቱ ሥጋትም ከአደገኛ መዘናጋትም ይጠብቃል።