የወደቀውን ወፍ ማን ቆጠረ?

ከአዳማ ከተማ አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ 34 እ.ኤ.አ. በ2012፣ የቀሩት 102 በ2015 ተመርቀዋል፤ አቅማቸውም በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ሥራ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነፋሱ የሚበረታው የግድቦቻችን ውኃ በሚጎድልበት በበጋ ወራት ስለሆነ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ተርባይኑ መዞር ከጀመረ በኋላ ከሥሩ የወደቀውን ማን ይቆጥራል?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ከግንባታ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። መልካም ነው። ይሁንና ከግንባታ በፊት የሚጻፍ ጥናት ግምት ነው፤ ግምቱ መድረሱ የሚታወቀው በኋላ በእግር እየተዞረ ሲታይ ብቻ ነው።

አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ሽመላዎች፣ ንስሮችና ጭላቶች ከዓለም ዐበይት መንገዶች አንዱ ናቸው፤ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያልፉባቸዋል። እነዚህ ወፎች ክንፋቸውን ብዙ አያርገበግቡም፤ ከአፋፍ ሽቅብ በሚነሣው ነፋስ ላይ ይንሳፈፋሉ። እንግዲህ መሐንዲሱና ወፉ የሚሹት አንድ ቦታ ነው ማለት ነው።

የባሰው የጥንብ አንሳ ነገር ነው። ጥንብ ለመፈለግ እየበረረ ወደ መሬት ሲያቀረቅር፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ማየት ይሳነዋል። የተርባይኑ ክንፍ ጫፍ ደግሞ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በአገራችን ከሚገኙት ውስጥ ነጭ ጀርባውና የሩፔል ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን ተመዝግበዋል። በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥሉ የሞተው ቶሎ አይተካም።

«ዞረን አየን፣ ምንም አላገኘንም» የሚል መልስ ቢሰጠን ግን አንቀበለውም። በ15 ቀን አንድ ጊዜ የሚሄድ ቆጣሪ በዚህ አገር ምን ሊያገኝ ነው? ጅብና ውሻ ቀድመውት ያነሡታል! የሌሊት ወፍ የምታክል ሬሳማ በጤፍ ማሳ ውስጥ ለዓይንም አትታይ። ስለዚህ አስቀድሞ የሞቱ ዶሮዎችን በታወቀ ስፍራ አኑሮ በስንት ቀን እንደሚጠፉ፣ ፈላጊውም ከአሥሩ ስንቱን እንደሚያገኝ መለካት ያስፈልጋል። የተገኘው ቁጥር በዚህ ካልታረመ ዜሮ ማለት ዜሮ አይደለም።

ቆጠራው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። በስፔን፣ ታሪፋ አጠገብ፣ ጠባቂዎች ጥንብ አንሳ ሲቃረብ የሚያሰጋውን ተርባይን ለይተው ለጥቂት ጊዜ እንዲቆም ስላደረጉ ሞቱ በግማሽ ቀንሶአል፤ የጠፋው ኃይል ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። የትኛው ተርባይን እንደሚገድል ያወቁት ቆጥረው ነው። ለእኛ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ሥራ አለ፤ በማሳው የሞተች አህያ ከተርባይኖቹ ሥር ተጎትታ ርቃ እንድትቀበር ለማድረግ የውጭ ብድር አያሻም።

እስካሁን የተቆጠረ ካለ መዝገቡ ለዩኒቨርሲቲዎች ይከፈት። ካልተቆጠረም በየግቢው የሥነ ሕይወትና የስታቲስቲክስ ተማሪ ሞልቶአል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣም ጥቂት አይደለም። መምህሮቻችን ፈቃዱን ቢያስገኙልን ዶሮዎቹን የምንገዛው እኛ ነን።