ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?

ባለፈው እሑድ ሮተርዳም የምትኖረው ልጄ ደወለችልኝ። የጥቅምቱ የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ቦኔር ወደምትባል ደሴት ሊሄዱ ነው። “አባዬ፣ ትንሿ ዊንድሰርፊንግ ልትማር ነው” አለችኝ። ትንሿ የምትባለው የ11 ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት። ዊንድሰርፊንግ ማለት ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራውን በሁለት እጅ ይዞ፣ በነፋስ ጉልበት በውኃ ላይ መሄድ ነው። ሞተር የለውም፤ ፍሬንም የለውም።

“ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?” ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። “ዋና ትችላለች፣ ላይፍ ጃኬትም ትለብሳለች” አለች። እኔ የጠየቅኋት ግን እሱን አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ላንጋኖ ነው። ያቺው ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በተነፋ ጎማ ላይ ተቀምጣ ዳር ዳሩን ትጫወታለች። ውኃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ነፋሱ ከጀርባችን ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ቡና ሲቀዳ ዞር ብለን፣ ቀና ስንል ጎማው እሷን ይዞ ርቋል። በጀልባ የነበሩ ወጣቶች ባይደርሱላት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እሷ እየሳቀች ወረደች። እኔ ስኒ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

እና ልጄ ስልኩን ስትዘጋ ካርታ ይዤ ተቀመጥኩ። ቦኔር በካሪቢያን ባሕር፣ ከቬንዙዌላ ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ስፋቷ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ስለሆነች እዚያ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ለእረፍት ይመርጧታል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋሱ ከምሥራቅ ነው። ዲቪ ዲቪ የሚባለው ዛፍ ከነፋሱ ብዛት ወደ ምዕራብ ተጋድሞ ነው የሚያድገው። በደቡቧ የባሕር ውኃ በሰፋፊ ገንዳዎች ተገድቦ በዚሁ ነፋስና በፀሐይ ጨው ይሆናል፤ የአፋርን ጨው ያየ ሰው አይገርመውም።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ አንድ ሆኖ ሳለ የደሴቲቱ ሁለት ዳሮች ለልጅ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

በደቡብ ምሥራቅ በኩል ላክ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። በአፉ ላይ ኮራል እንደ አጥር ተጋድሞ ማዕበሉን ይሰብራል፤ ነፋሱን ግን ያሳልፈዋል። ሶሮቦን በተባለው ዳር ውኃው ለረጅም ርቀት ከጉልበት እስከ ወገብ ነው (የአዋቂ ወገብ መሆኑን አያቶች አንርሳ)። የወደቀ ልጅ ቆሞ ሸራውን ያነሳል። ነፋሱም ከባሕር ወደ ውስጥ ስለሚነፍስ፣ መመለስ ያቃተው ጀማሪ የሚገፋው ወደ የብስ እንጂ ወደ ጥልቁ አይደለም። በዓለም የታወቁት ወንድማማቾች ታቲ ፍራንስና ቶንኪ ፍራንስ፣ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኪሪ ቶዴም የዚህችው ደሴት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ሜዳ ያገኘ ልጅ ቢጎብዝ ምን ይገርማል!

በምዕራብ በኩል ዋና ከተማዋ ክራሌንዳይክ አለች። እዚያ ነፋሱ የብሱን አቋርጦ ከጀርባ ይመጣል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ማዕበል የለም፤ ባሕሩ መስታወት ይመስላል፤ ወላጅም “እዚህ ይሻላል” ይላል። ክላይን ቦኔር የምትባል ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ፊት ለፊት ትታያለች፤ ከእሷ ወዲያ ክፍት ባሕር ነው። ያ ጸጥታ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፤ የላንጋኖውም ጸጥታ እንደዚያው ነበርና። በደቡብ ምዕራቡ ዳር በካይት የሚንሸራተቱ ጎበዞች እንኳ ነፋስ ወደ ባሕር ሲወስዳቸው የሚያነሳቸው ጀልባ ይጠብቃቸዋል።

አውድማ ላይ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ስልክ አያስፈልገውም። እህሉን በመንሽ ሲያነሳ ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ባሕር ዳርም ፊታችሁን ወደ ውኃው አዙራችሁ ቁሙ። ነፋሱ ፊታችሁን ከመታ ልጁን ወደ እናንተ ይመልሰዋል። ጀርባችሁን ከመታ ግን ይወስደዋል።

ስለ ወቅቱ ደግሞ፣ ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ ነፋሱ ይጠነክራል፤ በሰዓት ከ28 እስከ 37 ኪሎ ሜትር መድረሱ የተለመደ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይደክማል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህን ወቅት አይወዱትም፤ ለ11 ዓመት ጀማሪ ግን የደከመ ነፋስ ጥሩ መምህር ነው። በነዚያው ወራት ሩቅ በሚያልፍ አውሎ ነፋስ ምክንያት የነፋሱ አቅጣጫ የሚገለበጥበት ቀን ስላለ፣ ጥያቄው በየጠዋቱ መጠየቅ አለበት።

ለትንሿ የነገርኳት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ነፋስ ከወሰደሽ ሰሌዳውን ለቀሽ አትዋኚ፤ ሸራውን ጥለሽ ሰሌዳው ላይ ሁኚና እጅሽን አወዛውዢ፤ ከጭንቅላት ይልቅ ሰሌዳ ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛ፣ ነፋሱ ቆዳሽን ሲያቀዘቅዘው ፀሐዩ ያላቃጠለሽ ይመስልሻልና እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ። “እሺ አባባ” አለችኝ፤ የሰማችኝ እኩሌታውን ይሆናል።

ማክሰኞ ማታ መልሼ ደወልኩ። ትምህርቱ በላክ፣ ሆቴሉ ግን በምዕራቡ ዳር ነው። አማቼ ለልጆቹ የሚነፋ የላስቲክ ጀልባ ገዝቷል፤ “ከሆቴሉ ፊት ለፊት ውኃው ጸጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ይጫወቱበታል” አለኝ። የላንጋኖውን ነገር አነሳሁበት። ለካ ልጄ ነግራው አታውቅም። ትንሽ ዝም አለና “አባባ፣ ጀልባውን እመልሰዋለሁ፤ ደረሰኙ አለኝ” አለ።