በቅጹ ላይ የሌለው ወጪ

ሬክስዴል ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ሐምበር ፖሊቴክኒክን ከልጁ ጋር መጎብኘት አያስቸግርም፤ ግቢው እዚያው ሰፈር ነው። ፈተናው ያለው ኦሳፕ በሚባለው የኦንታሪዮ የተማሪዎች ድጋፍ ቅጽ ላይ ነው። ቅጹ የወላጅን ጠቅላላ ገቢ ከግብር ሰነዱ ይወስዳል፤ ለጎንደሯ አያት መድኃኒት በየወሩ የሚላከውን ግን አይቀንስም። «በፈቃድ የሚሰጥ ነው» ባይ አይጠፋም፤ እናቱን መጦርን እንደ ምርጫ የሚቆጥር ሐበሻ ግን ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ክፍለ ሀገሩ የትምህርት ክፍያን በ10 ከመቶ ቢቀንስም፣ ድጎማውን አጥብቦ ወደ ብድር አዘንብሏል፤ ጉድለቱ በተማሪው ትከሻ ላይ ወድቋል። ጣሪያ የተበጀለትና በባንክ ደረሰኝ የተረጋገጠ ተቀናሽ መፍቀድ ፍትሐዊ ነው። እስከዚያው ወላጆች የሚልኩትን መጠን ከልጆቻቸው መደበቁን ቢተዉ ይሻላል፤ ብድሩን የሚፈርመው ልጁ ነውና።