ለታራሚ የነሐስ ታሪክ ምን ይሠራለታል?

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ እንደማስተምር የሚያውቁ ሰዎች "ሙያ ብቻ ብታስተምሯቸው አይሻልም? መዳብና ቲን ምን ያደርግላቸዋል?" ይሉኛል። እኔ ግን ሙያውና ትምህርቱ የሚለያዩ አይመስለኝም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

መዳብ ለስላሳ ነው። ቲንማ ከሱም የባሰ ለስላሳ ነው። 10 እጅ መዳብ ላይ 1 እጅ ገደማ ቲን ጨምራችሁ ስታቀልጡት ግን ከሁለቱም የጠነከረ ነሐስ ይወጣል። የቲን አቶሞች ከመዳብ አቶሞች ስለሚተልቁ መሃል ገብተው የመዳቡ ንብርብር እንደ ልብ እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ደግሞም ንጹህ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ነሐስ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። በከሰልና በወናፍ ለሚሠራ አንጥረኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከቲን በፊት በብዙ አገር መዳብን የሚያጠነክረው አርሰኒክ ነበር። የአርሰኒክ ጭስ ደግሞ መርዝ ነው። ቲን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ችግሩ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከሩቅ ይመጣል። ቱርክ ጠረፍ ኡሉቡሩን በሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1300 ገደማ የሰጠመች መርከብ ባሕር ውስጥ ተገኝታለች። ጭነቷ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቲን ነበር። 10 ለ1! የነሐስ ሒሳብ ራሱ።

በእኛም አገር የሓ ላይ ከአክሱም ዘመን በፊት የተሠሩ የነሐስ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ንጉሥ ኢዛናም ድንጋይ ላይ ባስጻፈው ጽሑፍ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ነግሮናል።

አሁን ወደ ሙያው ልምጣ። አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ቲን ማለት ቆርቆሮ ከሆነ ጣሪያችንን አቅልጠን ነሐስ መሥራት እንችላለን ማለት ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአማርኛ ቲንም ቆርቆሮ ነው፣ የጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ጣሪያችን ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ይህን የማያውቅ በያጅ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ሲበይድ የሚነሳውን ነጭ ጭስ ይምገዋል። ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። "ወተት ጠጣበት" ይሉታል፤ ወተት ግን ሳንባ አያጥብም። የሚሻለው ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ ማንሳት፣ ነፋስ ባለበት መሥራት ነው።

የጥንቱን አንጥረኛ ከአርሰኒክ፣ የዛሬውን በያጅ ከዚንክ ጭስ የሚያድነው እጁ ላይ ያለው ብረት ከምን እንደተሠራ ማወቁ ነው። ታራሚውም ነገ ሲወጣ እንጀራው ብየዳ ከሆነ፣ እባካችሁ ኬሚስትሪውን አትቀንሱበት።

ብየዳ ቤት ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።