ጉብታው ተሠራ፤ ማን ቆጠረ?

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ወደ ቤተል የሚመላለስ ተማሪ ሁሉ የመንገዱን ጉብታ በወገቡ ያውቀዋል። ሹፌሩ ይረግመዋል፤ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የምትሰድ እናት ትመርቀዋለች። ነዋሪው ራሱ ድንጋይና ሲሚንቶ አዋጥቶ የሠራውም አለ። በእርግማንና በምርቃት ግን ፍርድ አይሰጥምና ነገሩ በቁጥር ይታይ እንላለን።

ጉብታ ፍጥነትን እንደሚቀንስ ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያሻም። ፊዚክስ የሚነግረን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና የተሸከመው ጉልበት 30 ከሚሮጠው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት እንደሚቀረው ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና ይህ ለእኛ የሂሳብ ጨዋታ አይደለም።

ችግሩ ያለው ከአቆጣጠሩ ላይ ነው። ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ክፉ ዓመት ያለፈበት መንገድ ደግሞ ምንም ባይሠራለት እንኳ በሚቀጥለው ዓመት አደጋው ሊቀንስ ይችላል፤ ክፉነቱ ከፊሉ የአጋጣሚ ነበርና። ስለዚህ «አምና ይህን ያህል፣ ዘንድሮ ያን ያህል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጉብታ የሌለው ተመሳሳይ መንገድ ጎን ለጎን ሊቆጠር ይገባል። መኪናው ጉብታውን ሸሽቶ በጓሮ መንገድ የሚሾልክ ከሆነስ? አደጋውን ለጎረቤት አሻገርን እንጂ አላጠፋነውም፤ ያም ይቆጠር።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ሩነ ኤልቪክ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. 33 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ ሠፈርን በሙሉ ያካተተ የፍጥነት መግቻ ሥራ የአካል ጉዳት የሚያደርሱ አደጋዎችን በአማካይ 15 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በመኖሪያ መንገዶች 25፣ በዋና መንገዶች 10 ያህል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የጋና ምሳሌ ነው፤ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው ጎዳና፣ በሱሁም መገንጠያ፣ ጎማን የሚያንቀጠቅጥ ንጣፍ ተሠርቶ አደጋው 35 በመቶ ያህል ቀንሷል። በከተማችንም በ2017 እ.ኤ.አ. የለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በቀላል ዕቃ ተለይቶ እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት አጥሮ ነበር። የኮልፌ ቀራኒዮስ መንገዶች ምን ጎደላቸው?

የምሕንድስናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው መሪነት ሁለት መንገዶች ይምረጡ፤ አንዱ ጉብታ ያለው፣ ሁለተኛው የሌለው። ልጆች ጠዋት ሲገቡና ማታ ሲወጡ የመኪናውን ፍጥነት ይመዝግቡ። ቀላል ጉዳት ሁሉ ፖሊስ ዘንድ አይደርስምና ከፖሊስ መዝገብ ሌላ የጤና ጣቢያውንም መዝገብ ይጠይቁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የእጅ ሰዓት፣ የሜትር ገመድና እርሳስ ነው።