መድኃኒት የተባለው መርዝና የሮማኑ ተስፋ

ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ ተቀምጠን ስንጫወት አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛችን ስለ ጉበት ያነበበውን አወራልን። የተባይ መርዝ የተሰጣቸው አይጦች ጉበታቸው ሲጎዳ፣ ከመርዙ ጋራ የሮማን ጭማቂ በተሰጣቸው ግን ጉዳቱ ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ይህን የሰማ ሌላው ወንድማችን «እንግዲያው ምን ችግር አለ? ገበሬው ሮማን ይብላ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን ብቻዬን ስሆን ያ ሳቅ ቆጨኝ።

እኔ የአርትስ ተማሪ ስለ ሆንኩ የጉበትን ነገር ላስተምር አልደፍርም። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ ወደ ሰውነት የገባውን መርዝ ለውጦ የሚያስወግደው ጉበት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ግን ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች በዝተው የራሱን ሕዋሳት ይጎዱታል። በሮማን፣ በዘይቱን፣ በብርቱካንና በፓፓያ የሚገኙት ቪታሚን ሲና ሌሎች አንቲኦክሲዳንቶች ይህን ጉዳት ያበርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንድንበላ ይመክራል። ስለዚህ ፍሬውን አልነቅፍም።

ነገር ግን ከአይጥ እስከ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። በፊንላንድ አገር በ29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገው ምርመራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲገለጽ፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በክኒን የወሰዱት ከሳንባ ካንሰር ሊድኑ ቀርቶ በሽታው በ18 በመቶ በዝቶባቸው ተገኘ። ከዚህም በላይ እንደ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት መርዞች ነርቭንም ይመታሉ፤ ሲብሱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ለዚህ ሐኪም የሚሰጠው አትሮፒን ነው እንጂ ሮማን አይደለም።

መቂ አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አጎት አለኝ። ጠዋት መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲወጣ «መድኃኒት ልረጭ ነው» ይላል። መርዙን መድኃኒት ብለን የሰየምነው እኛው አይደለንምን? ጓንት የለውም፤ አፉን አይሸፍንም፤ ነፋሱ ወደ ፊቱ እየመለሰበት ይረጫል። ማታ በዚያው ልብሱ እራቱን ይበላል። ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ የውኃ መያዣ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው በጠርሙሱ ላይ አለ፤ ግን በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ሮማን ብላ» ማለት ጥፋቱን ወደ ራሱ መሶብ ማዞር ነው። የሚበላውን ፍሬ ስላልመረጠ ታመመ ልንል ነውን?

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሮማኑ ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣ ቅጠል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሎርፓይሪፎስን ከእርሻው ሲያስወጣ፣ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2025 ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር እንዲወገድ ሲወስኑ፣ ለገበሬው ፍራፍሬ አላዘዙለትም፤ መርዙን ከእጁ ማራቅን መረጡ። እኛም አገር የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። አዋጁ ግን ከነጋሪት ጋዜጣ ወርዶ የአጎቴ ማሳ መድረስ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመንግሥትና ለሳይንስ ፋኩልቲ ብቻ ትተን መቀመጥ አይገባንም። ቋንቋ የምንማር እኛ ምን ሠራን? በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ጠርሙሱን አንሥተን የተጻፈውን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ እናንብብለት። ጓንት እንዲያጠልቅ፣ ለነፋሱ ጀርባውን እንዲሰጥ፣ ሳይበላ በሳሙና እንዲታጠብ፣ ባዶውን ጠርሙስ ለውኃ እንዳያውል እንንገረው። ከሁሉ በፊት ግን መርዙን መርዝ ብለን እንጥራው። ሮማኑን ከዚያ በኋላ አብረን እንበላለን።