«ውራጅ» የሚያሰኘው ዕቃው ነው ወይስ አሰጣጡ?

«የሰው ውራጅ አልለብስም» የሚሉ ወገኖች በመካከላችን ብዙ ናቸው። አባባሉ ከክብር የመነጨ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ወገኖች ገበያ ወጥተው ሰልባጅ ሲገዙ ቅንጣት ታህል ኀፍረት አይሰማቸውም። ማን እንደለበሰው የማያውቁትን ኮት ገዝተው በኩራት ይለብሱታል፤ የጎረቤታቸውን ንጹሕ ኮት በነጻ መቀበል ግን ውርደት ይሆንባቸዋል። ለመሆኑ ነውሩ ያለው ዕቃው ላይ ነው ወይስ ገንዘብ ባለመከፈሉ?

ዕቃ የተረፈውስ ምን ያደርጋል? «ልዋጭ!» እያለ በየደጁ ለሚዞረው ደህና ሱሪና ሸሚዝ አስረክቦ አንድ የፕላስቲክ ሳህን ይቀበላል። አለዚያም አልጋ ሥር አከማችቶ ለብልና ለአይጥ ይተወዋል። ልዋጩ እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ አይወቀስም። የሚወቀሰው በአጥሩ ማዶ ያለውን ችግረኛ ሳይጠይቅ ዕቃውን የሚያባክነው ነው።

ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እንመልከት። ከየገጠር ቀበሌው የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በሶና ዳቦውን ከቤታቸው ይሰንቃሉ፤ ፍራሽና ድስት ግን ከየት ያመጣሉ? በዚያው ሰፈር ልጆቹን ድሮ ወግ ማዕረግ ያደረሰ ቤተሰብ ፍራሽ አቧራ ይጠጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥርም የሸቀጥ ዋጋ ይንራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ክፍል ለሚመለስ ልጅ ያገለገለ መዝገበ ቃላት ትንሽ ነገር ነውን?

በተረፈ ዕቃ መካከል ተፈልጎ የማይገኝ ሀብትም አለ። ለአንዱ ቤት ያጣበበ አሮጌ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፣ ሙያው ላላት ሴት የእንጀራ መንገድ ነው። የከሰል ካውያ መብራት በሌለበት ቀበሌ ዛሬም ይሠራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሳያስቡት ያገኘ ሰው ደስታው ከገዛው ሰው ደስታ ይበልጣል።

ያገለገለን ዕቃ መናቅ ከአባቶቻችንም የወረስነው አይደለም። የጎጃም ገበሬ ካረጀ የመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምቶ ኖሯል፤ የዘይት ጀሪካን ዛሬም የውኃ መቅጃ ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ ሆኖ ስንቱን ተማሪ አስጠንቷል።

ሀብታም በምንላት አሜሪካ እንኳ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ቱሳን በተባለች የአሪዞና ከተማ ጎረቤታሞች የተረፋቸውን ዕቃ በነጻ የሚሰጣጡበት «ፍሪሳይክል» የተባለ ማኅበር ተመሥርቶ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሽያጭ የለም፣ ልዋጭ የለም፣ መስጠትና መቀበል ብቻ። እነርሱ በኢንተርኔት ይፈላለጋሉ። የስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦበት በነበረው ክልላችን ግን ከዚያ የሚታመን እድር አለን። እድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በጋራ ገዝቶ ለሐዘንተኛ ቤት ያቀርባል፤ «የሰው ድስት አልነካም» ያለ ግን የለም። በስብሰባው መጨረሻ ላይ «ምን ተረፈህ? ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

«የሞተ ሰው ልብስ ይሆናል፤ የተሰረቀ ይሆናል፤ መተት ይኖርበታል» የሚሉ አይጠፉም። ይህ ሥጋት መንገድ ላይ ለተገኘ ወይም ምንጩ ለማይታወቅ ዕቃ ይሆናል። የሚታወቅ ጎረቤት አጥቦ፣ በሰው ፊት፣ ከእጅ ወደ እጅ የሰጠው ዕቃ ግን ምን ያስጠረጥራል?

ዋናው ወቀሳ ግን ለእኛ ለሰጪዎች ነው። የተቀደደውንና የተሰበረውን መርጠን «ሰደቃ ሰጠሁ» የምንል አለን። ቁርኣን (አል-በቀራህ፣ 267) ከንብረታችን መጥፎውን መርጠን እንዳንሰጥ ከልክሎናል። ተቀባዩን አቁመን ፎቶግራፍ የምናነሳም አለን። ስጦታን ውራጅ የሚያደርገው ይህ ነው! ለልጅህ የማታለብሰውን ለሰው ልጅ አትስጥ፤ የሰጠኸውንም አታውራ።

እንግዲህ ሳጥናችንን እንክፈት፤ ቆጡንም እንፈትሽ። ደህናውን አጥበን፣ ጠግነን፣ ከልዋጩ በፊት ለጎረቤት እናሳይ። የጎረቤት ስጦታ ሲመጣልንም ቀና ብለን እንቀበል፤ ዛሬ የሚቀበል ነገ ሰጪ ነውና።